የብረት ክራውን ምንድን ነው?

ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፍን ከፍቶ መቆየት ለማንም አይመችም። ኦቲዝም ላለበት ወጣት፣ በሴሬብራል ፓልሲ ምክንያት ሰውነቷ አልታዘዝ ለሚላት ሴት ወይም የመርሳት በሽታ ለያዛቸው አዛውንት ደግሞ ጭራሽ የማይሞከር ሊሆን ይችላል። የመሰርሰሪያው ድምፅ፣ ፊት ላይ የሚያበራው መብራት፣ መርፌው፤ ሁሉም ያስደነግጣል። ስለዚህ መንጋጋቸው ሲበላ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ቃል አንድ ነው፦ ይነቀል። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። የሚያኝኩበት ጥርስ እኮ ነው!

የብረት ክራውን ለእንዲህ ያለው ሰው ጥርሱን የማትረፊያ አንዱ መንገድ ነው። ከማይዝግ ብረት በፋብሪካ ተሠርቶ፣ በየመጠኑ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ስስ የመንጋጋ ቆብ ነው። የተለመደው ክራውን ጥርሱ ዙሪያውን ተሞርዶ፣ ልኬት ተወስዶ፣ ላብራቶሪ ተልኮ፣ በሌላ ቀጠሮ ነው የሚገጠመው። ይሄኛው በአንድ ቀጠሮ ያልቃል።

የብረት ክራውን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በብዛት የሚሠራው ለልጆች የወተት ጥርስ ነበር። በስኮትላንድ ይሠሩ የነበሩ ዶክተር ኖርና ሆል የሚባሉ ሐኪም ደግሞ ጥርሱን ሳይሰረስሩ፣ ማደንዘዣም ሳይወጉ፣ ክራውኑን በሲሚንቶ (በጥርስ ማጣበቂያ) ከላይ መግጠም ጀመሩ። ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጥርሱን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ውስጥ ይታሸጋሉ፤ ስኳር አይደርሳቸውም። ያኔ መበስበሱ ይቆማል፣ ወይም ይዘገያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ታካሚው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ቆቧ አምልጣ ጉሮሮ እንዳትገባ ሐኪሙ አፉ ውስጥ ጋዝ (ስስ የቁስል ጨርቅ) ያደርጋል። ልኳን መርጦ ውስጧን በሲሚንቶ ይሞላና ጥርሱ ላይ ይጫናታል። ከዚያ ታካሚው ጥጥ ይነክሳል። ሲሚንቶው በጎን ሲወጣ ይጠረጋል፤ በጥርሶቹ መሀል የገባው በክር ይወጣል። በቃ።

በአዋቂ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቆቧ ንክሻውን ከፍ ታደርጋለች። የልጅ ንክሻ በጥቂት ሳምንታት ይስተካከላል፤ የአዋቂው እንደዚያ ስለማይፈጥን ሐኪሙ የጥርሱን አናት ትንሽ ሊሞርድ ይችላል። ብረቱ ኒኬል አለበት፤ በኒኬል አለርጂ ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። ነርቩ ከሞተ ወይም መግል ከያዘ ደግሞ እንዲሁ ሸፍኖ መተው አይቻልም። ራጅ የሚነሳውም ለዚህ ነው።

ሙሉ ማደንዘዣ ወስደው ለሚታከሙም ትልቅ ጥቅም አለው። ብዙ ግድግዳው በተበላ መንጋጋ ላይ የተሞላ ነገር ቶሎ ሊወድቅ ይችላል፤ ለዚያ ሲባል እንደገና ሰው ማስተኛት ከባድ ነው።

መልኩ ብርማ ነው። ወርቅ ጥርስ ሲያደንቅ ላደገ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ደግሞም ኋላ ስለሆነ ብዙም አይታይም።

የምታስታምሙት ሰው መንጋጋው ይነቀል ከተባለ፣ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት «በብረት ክራውን አይተርፍም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከተሠራለት በኋላም ብሩሹን አትተዉ። ብረቱ አይበላም፤ ከድዱ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ያለው ጥርስ ግን ሊበላ ይችላል።