ገነተ ልዑል፦ ቤተ መንግሥት የገቡት ብራናዎች

ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ብዙ ሰው የሚያውቀው በሙዚየሙ ነው። የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት አይቶ ይወጣል። እዚያው ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ግን ስለ አገሪቱ የተጻፈውን አንድ ቦታ ለማሰባሰብ የተነሣ ቤተ መጻሕፍትም አለው። ብራናዎቹም የዚሁ ክምችት አካል ናቸው።

ሥራው ከተቋሙ ይቀድማል። ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሳሉ ነው መሰብሰብ የጀመሩት። ገበያ የወጣ የብራና መጽሐፍ ወይም ሥዕል ሲያገኙ ዝም ብለው የሚያልፉ ሰው አልነበሩም። በታኅሣሥ 1953 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የታገቱት ባለሥልጣናት የተረሸኑት በዚሁ ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ንጉሡ ደም የፈሰሰበት ቤት አስጠልቷቸው ነው የሚሉ አሉ።

ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ኾይናትስኪ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያዙ። ገንዘብ ሲያጥር የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ቅርስ እየገዛ ይሰጥ ነበር። ያ ባይሆን ስንቱ በቱሪስት ሻንጣ ይወጣ እንደነበር መገመት አይከብድም። አብዮቱ ሲመጣ ሁለቱም አገር ለቀው ሄዱ። ፓንክረስት ግን ተመልሰው መጥተዋል።

ከክምችቱ መካከል ዳዊት፣ ገድል፣ ድርሳንና ተአምር አለ። ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ከዚያ ይሰመራል። ዋናው ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ነው፤ የቅዱሳን ስም በቀይ ይጎላል። ተመራማሪ ግን ብዙ ጊዜ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ኅዳጉ፣ ማለትም ወደ ገጹ ዳር ባዶ ቦታ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ርስት፣ የውርስ ክፍፍል፣ የመጽሐፍ ግዢ እዚያ ይመዘገባል። ወረቀት ብርቅ በነበረበት ዘመን የመዝገብ ቤቱን ሥራ የሠራው ወንጌሉ ነው ማለት ይቻላል።

ክምችቱ የግዕዝ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የአገራችን ሙስሊም ሊቃውንት ያቆዩአቸው የዐረብኛ ጽሑፎችም አሉ። ለእነዚህ ራሱን የቻለ ዝርዝር በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ዘግይቷል፤ ግን ወጥቷል። ብራናዎቹን በዲጂታል መልክ የማስቀረት ሥራም ተሠርቷል። ይህ ለተማሪ ትልቅ እፎይታ ነው። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ከተዘረፉት ብራናዎች ግን ብዙዎቹ ዛሬም ለንደን ናቸው።

ክታቦቹ፣ ማለትም የጥበቃ ጸሎት የተጻፈባቸው የብራና ጥቅሎች፣ ለብቻቸው ይታያሉ። እንደ ልማዱ ጥቅሉ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል፤ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ ነው። ስሙም በጸሎቱ መሀል ይገባል። ክታቡ ባለቤት ሲቀይር የፊተኛው ስም ይፋቅና የአዲሱ ይጻፍበታል። የፍቀቱ ቦታ ገርጥቶ ይታወቃል።