የፍራንክ ዛፓ አድናቂዎች፦ ከቪልኒየስ ሐውልት እስከ ጄኖቫው ጄሊፊሽ

በሊቱዌኒያ ዋና ከተማ በቪልኒየስ አንድ ረጅም የብረት ዓምድ ቆሟል። ጫፉ ላይ የሰው ጭንቅላት አለ። ፀጉሩ ወደ ኋላ የታሰረ፣ ሪዙ ወፍራም፣ ከከንፈሩ ሥር ደግሞ አጭር ፂም ያለው ሰው ነው። ሰውየው ሊቱዌኒያዊ አይደለም። ከተማዋን ረግጦም አያውቅም። ፍራንክ ዛፓ የሚባል አሜሪካዊ የሮክ ሙዚቀኛ ነው። ሐውልቱ የቆመው በ1995 ነው፣ እሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ። ሐሳቡን ያመጡት አድናቂዎቹ ናቸው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለሞተ ሙዚቀኛ ሐውልት ማቆም አዲስ ነገር አይደለም። የዛፓ አድናቂዎች ግን ከዚያም አልፈው ሄደዋል። ጄሊፊሽ፣ ሸረሪት፣ ዓሣ፣ የባክቴሪያ ጂን፣ በማርስና በጁፒተር መካከል የሚዞር የሰማይ ዓለት ሳይቀር በስሙ ጠርተዋል። ነገሩ ግር ይላል። ምክንያቱ የሚገባን ሰውየውንና ሥራውን ስናውቅ ነው።

ዛፓ ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 21 ቀን 1940 ባልቲሞር ተወለደ። ያደገው ግን በአብዛኛው ካሊፎርኒያ ነው። ጎረምሳ ሳለ እሱ ራሱ የለየለት አድናቂ ነበር። ለ15ኛ ልደቱ እናቱ 5 ዶላር ሊሰጡት ሲሉ፣ በገንዘቡ ኒውዮርክ ወደሚኖረው የሙዚቃ ደራሲ ወደ ኤድጋር ቫሬዝ ስልክ ልደውል አለ። ቫሬዝ በዚያን ጊዜ አውሮፓ ስለነበር ስልኩን ያነሱት ባለቤቱ ናቸው። ብዙ ልጆች ኳስ ወይም ሸክላ በሚጠይቁበት ዕድሜ እሱ ሰው ሁሉ «ጫጫታ ነው» የሚለውን ሙዚቃ የጻፈ ሰው ድምፅ መስማት ፈለገ። ይህን ታሪክ የማያውቅ የዛፓ አድናቂ ያለ አይመስለኝም።

በ1966 «ዘ ማዘርስ ኦፍ ኢንቬንሽን» ከሚባለው ባንዱ ጋር የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። ከዚያ ወዲያ እጁ አላረፈም። በሕይወት ሳለ ከ60 በላይ አልበሞች አሳትሟል። በ27 ዓመት ውስጥ ማለት ነው። ሲካፈል በዓመት ከሁለት ይበልጣል። ከሞተ በኋላ ከማከማቻው የወጡት ሲጨመሩ ቁጥሩ ከ100 ያልፋል። ሮክ አለ፣ ጃዝ አለ፣ ለትልቅ ኦርኬስትራ የተጻፈ አለ፣ በኮምፒውተር ብቻ የተሠራ አለ። ቀልድና ስድብም ሞልቶበታል። አንዳንዱ ግጥም ዛሬ ሲሰማ ያሳፍራል፣ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ጎኑ ያለው ዜማ ደግሞ ቁጭ ብሎ ማስታወሻ የሚያስይዝ ነው።

የአድናቂነቱ ዋና ሥራ ማዳመጥ ነው። ግን እንዲሁ ማዳመጥ አይደለም። ዛፓ ሥራዬ በሙሉ አንድ ድርሰት ነው ይል ነበር። በአንድ አልበም ላይ የተጣለች ቃል ከአሥር ዓመት በኋላ በሌላ አልበም ብቅ ትላለች። ፑድል የሚባለው ጸጉራም ውሻ ደጋግሞ ይመለሳል። በ1960ዎቹ የተሰማ ዜማ በ1980ዎቹ ልብሱን ቀይሮ ይመጣል። አድናቂው እነዚህን ክሮች ይከተላል። ቅኔ የሚሰማ ሰው ሰሙን ይዞ ወርቁን እንደሚፈልግ ማለት ነው።

ይህ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል። ዛፓ በአንድ ኮንሰርት ላይ የተጫወተውን የጊታር ሶሎ (ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚወጣበትን ክፍል) ቆርጦ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ከተሠራ ፍጹም ሌላ ሙዚቃ ላይ የመለጠፍ ልማድ ነበረው። በ1979 በወጣው «ጆስ ጋራዥ» ላይ አብዛኞቹ ሶሎዎች እንዲህ ነው የተሠሩት። አድናቂዎች ታዲያ የድሮ ካሴቶችን እያገላበጡ ሶሎው በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው ምሽት እንደተጫወተ ለይተዋል። ማንም አልከፈላቸውም። ለእኔ ትልቁ አድናቆት ይሄ ነው። እሱ እንደ ሠራተኛ ሠራ፣ እነሱም እንደ ሠራተኛ ሰሙት።

ካሴት የሚሰበሰበውም በምክንያት ነው። ዛፓ መድረክ ላይ ባንዱን በእጅ ምልክት ይመራ ነበር። አንድ ምልክት ሲያሳይ ሙዚቃው በድንገት ወደ ሬጌ ይገለበጣል፣ ሌላ ምልክት ሲያሳይ ሁሉም ይጮኻል። ሁለት ምሽት አንድ ዓይነት አይሆንም። በተለይ አሜሪካውያን በጥቅምት (ኦክቶበር) መጨረሻ በሚያከብሩት በሃሎዊን ሰሞን ኒውዮርክ ላይ የሚያቀርባቸው ኮንሰርቶች እንደ ዓመት በዓል የሚጠበቁ ነበሩ። ስለዚህ ሰዎች በድብቅ ይቀዱ፣ ይለዋወጡ፣ አንዳንዱም እያተመ ይሸጥ ነበር። ዛፓ በሻጮቹ ይናደድ ነበር። በ1991 ግን ያልተጠበቀ ነገር አደረገ። በድብቅ የተቀዱትን አልበሞች ሰብስቦ፣ ድምፃቸውን ሳያጸዳ፣ እንዳሉ «ቢት ዘ ቡትስ» በሚል ርዕስ በሕጋዊ መንገድ እንዲወጡ አደረገ። ሌቦቹን በገዛ ዕቃቸው ቀደማቸው።

የዚህ አድናቂነት ልዩ መልክ የታየው ግን በምሥራቅ አውሮፓ ነው። ቼኮዝሎቫኪያን በ1968 የሶቪየት ታንኮች ሲወሯት፣ በዚያው ዓመት ፕራግ ውስጥ «ዘ ፕላስቲክ ፒፕል ኦፍ ዘ ዩኒቨርስ» የሚባል ባንድ ተመሠረተ። ስሙ የተወሰደው ከዛፓ ዘፈን ነው። መንግሥት ባንዱን ከመድረክ አገደው። እነሱም በየገጠሩ በድብቅ መጫወት ቀጠሉ። በ1976 ታሰሩ፣ ፍርድ ቤትም ቀረቡ። ጸሐፌ ተውኔቱ ቫክላቭ ሃቬልና ጓደኞቹ በእስሩ ተቆጥተው ተሰባሰቡ። በጥር 1977 ይፋ የሆነው የመብት ሰነድ «ቻርተር 77» አንዱ መነሻው ይህ የሙዚቀኞች እስር ነው። የዛፓን ሸክላ ቤት ማስቀመጥ በዚያ አገር የሙዚቃ ምርጫ ብቻ አልነበረም።

ሃቬል ፕሬዚዳንት በሆነ በሳምንታት ውስጥ፣ በጥር 1990፣ ዛፓ ፕራግ ገባ። አውሮፕላን ማረፊያው በአድናቂ ተጥለቀለቀ። ዛፓ በሕይወቱ እንዲህ ያለ አቀባበል አይቶ አያውቅም። አገሩ ውስጥ ዘፈኖቹን የሚያጫውት ሬዲዮ እንኳ ጥቂት ነበር። ሃቬል በንግድና በባህል ጉዳይ ወኪላችን ሁን አለው። የአሜሪካ መንግሥት ግን አልወደደውም፣ ሹመቱም ብዙ አልቆየም። በሰኔ 1991 የሶቪየት ወታደሮች ከቼኮዝሎቫኪያ መውጣት ሲከበር ዛፓ ታሞ እያለ ፕራግ መጥቶ ጊታር ተጫወተ። የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለበት ካወቀ ዓመት አልፎት ነበር።

የቪልኒየሱም ሐውልት ከዚሁ ስሜት የመጣ ነው። ሐውልቱን የቀረጸው ኮንስታንቲናስ ቦግዳናስ ነው። በሶቪየት ዘመን የሌኒንን ምስል ይቀርጽ የነበረ ሰው ነው። ቪልኒየስ ሌኒንን ከአደባባይ ካነሳች ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ያው እጅ ዛፓን ቀረጸ። ነጻ ከተማ ከሆንን ያሻንን እናቆማለን የሚል ልብ አለበት። ሊቱዌኒያውያኑ የሐውልቱን ቅጂ ለባልቲሞር ሰጡ። ቅጂው በመስከረም (ሴፕቴምበር) 19 ቀን 2010 እዚያ ከአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ፊት ቆመ። ቀኑ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ልክ ከ25 ዓመት በፊት ዛፓ በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርቦ፣ በሙዚቃ አልበሞች ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይለጠፍ የሚለውን ሐሳብ የተቃወመበት ቀን ነው።

በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመንም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ባድ ዶበራን በባልቲክ ባሕር አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በአሮጌ የገዳም ቤተ ክርስቲያኗና መንገድ መሐል ሰንጥቆ በሚያልፈው የእንፋሎት ባቡሯ ትታወቃለች። ከ1990 ጀምሮ ደግሞ «ዛፓናሌ» የሚባል ፌስቲቫል ይካሄድባታል። የጀመሩት በምሥራቅ ጀርመን ዘመን የዛፓን ሸክላ በጭንቅ ያገኙ የነበሩ አድናቂዎች ናቸው። ከተለያዩ አገሮች የሚመጡ ባንዶች የእሱን ሙዚቃ ይጫወታሉ። ከሱ ጋር የሠሩ እንደ አይክ ዊሊስና ናፖሊዮን መርፊ ብሮክ ያሉ ሙዚቀኞችም መድረኩ ላይ ወጥተዋል። በ2002 ባድ ዶበራንም የራሷን የዛፓ ሐውልት አቆመች። በርሊን ውስጥ ደግሞ ብዙ የሙዚቃ መለማመጃ ክፍሎች ያሉበት አንድ መንገድ በ2007 የፍራንክ ዛፓ መንገድ ተብሏል።

ከዛፓ ቤተሰብ ጋር ግን ሁሌ ሰላም አልነበረም። የዛፓን ቅርስ የሚያስተዳድረው የቤተሰቡ ድርጅት የፌስቲቫሉን ስምና ባለ ሪዙን ምልክት በመቃወም ጀርመን ውስጥ ክስ መሥርቶ ተሸንፏል። እኔ በዚህ ነገር ከአድናቂዎቹ ጎን ነኝ። ማንም ሳይጠይቃቸው በየዓመቱ የሰውየውን ሙዚቃ በሕይወት ያቆዩት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ጄሊፊሹ። ፈርዲናንዶ ቦኤሮ የተባለ ከጄኖቫ የመጣ ጣሊያናዊ የባሕር እንስሳት ተመራማሪ ካሊፎርኒያ ውስጥ ይሠራ ነበር። አዳዲስ የጄሊፊሽ ዝርያዎች አገኘና ዕድሉን ተጠቀመበት። ለዛፓ ደብዳቤ ጻፈለት፣ አንዱን በስምህ ልሰይም ነው አለው። የፈለገው በዚህ ሰበብ ሰውየውን በአካል ማግኘት ነበር። ተሳካለት። ዛፓ ቤቱ ጠራው፣ ወዳጆችም ሆኑ። ዝርያው «ፊያሌላ ዛፓይ» ተባለ። በሰኔ 1988 ዛፓ ጄኖቫ ላይ ሲጫወት ከዘፈኖቹ የአንዱን ግጥም ቀይሮ ለቦኤሮ ዘፈነለት። ያ ምሽት የመጨረሻው የሮክ ጉዞው መዝጊያ ነበር። አድናቂ ለጀግናው ስም ሰጠ፣ ጀግናውም ዘፈን መለሰለት። ከዚህ ታሪክ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው።

ሌሎች ሳይንቲስቶችም ተከትለዋል። ካሜሩን ውስጥ የተገኘች አንዲት ሸረሪት ሆዷ ላይ ያለው ምልክት የዛፓን ሪዝ ስለሚመስል ስሙን አገኘች። ኒው ጊኒ ውስጥ ጭቃ ላይ የሚዘል አንድ ዓሣ በሳይንሳዊ አሰያየም የወገን (ጂነስ) ስሙ «ዛፓ» ነው። ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ በ1980 የተገኘው አስትሮይድ (የሰማይ ዓለት) ቁጥር 3834 በ1994 «ዛፓፍራንክ» ተብሏል። የትውልድ ከተማው የባልቲሞር ተመራማሪዎች ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በሚያመጣ ባክቴሪያ ላይ ያገኙትን ጂን በስሙ ጠሩት። እሱ ቢሰማ በሳቅ የሚሞት ይመስለኛል።

የተመልካች ፍቅር ክፉ ጎንም ነበረው። በታኅሣሥ 4 ቀን 1971 ስዊዘርላንድ ሞንትሮ ላይ ባንዱ እየተጫወተ ሳለ አንድ ተመልካች ርችት ተኮሰ። አዳራሹ ተቃጠለ፣ የባንዱ መሣሪያ ሁሉ ወደመ። ከስድስት ቀን በኋላ ለንደን ላይ ሌላ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ዛፓን ወደ ታች ገፈተረው። እግሩ ተሰበረ፣ ጉሮሮው ተጎዳ፣ ድምፁ ከዚያ በኋላ ወፍሮ ቀረ። ለወራት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበር። ልብ ያሉ አድናቂዎች አንድ ነገር ይጠቅሳሉ፦ ዛፓ የሞተው በ1993 ነው፣ ቀኑም ያው ታኅሣሥ 4።

ከሞተ በኋላ ሙዚቃውን ለመጫወት የሚደፍር ሰው ይጠፋል ብሎ የሚያስብ ነበር። ምቱ አስቸጋሪ ነው፣ ኖታው ጣት ይሰብራል። ግን አልጠፋም። ልጁ ድዊዚል በ2006 «ዛፓ ፕሌይስ ዛፓ» የሚል ባንድ ይዞ ዓለምን መዞር ጀመረ። በ2009 ግራሚ የሚባለውን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት አሸነፉ። ጀርመን ያለው «አንሳምብል ሞደርን» የተባለ የሙዚቃ ቡድን ሙዚቃውን ከክላሲካል ሥራዎች ጋር እኩል አድርጎ ይጫወተዋል። የሰውየው የግል ማከማቻ ሊበላሽ ነው ሲባልም በ2016 አድናቂዎች ለዘጋቢ ፊልምና ለማከማቻው ማዳኛ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ። ፊልሙ በ2020 ወጣ።

አድናቂዎች ሲገናኙ የማያልቅ ክርክር አላቸው፦ አዲስ ሰው ከየትኛው አልበም ይጀምር? አንዱ የ1966ቱን ይላል። ሌላው ኦርኬስትራ ያለበትን የመጨረሻ ዘመን ሥራ ያመጣል። ሦስተኛው ቀልድ የበዛበትን የ1970ዎቹ ኮንሰርት ይሰጣችኋል። እኔ ከ1969ኙ «ሆት ራትስ» ጀምሩ ባይ ነኝ። አብዛኛው ያለ ድምፃዊ ስለሆነ ቋንቋ አያስቸግርም። የመጀመሪያው ዜማ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። አንዴ ሰምታችሁ ካልገባችሁ እንደገና ከፈት አድርጉት፣ በሁለተኛው ከበሮው መግቢያ ላይ ትይዙታላችሁ።