«ይጠይቅ እንጂ ያውቀዋል» ለሚሉኝ

«ኮምፒውተር አይታክተውም፤ እስኪገባው ይጠይቅ!» ይህን በየዓመቱ ከአዳዲስ ተማሪዎች እሰማለሁ። ሰሞኑን ግን የሥራ ባልደረባዬ ደገመውና ትዕግስቴ አለቀ።

100 ማብሪያዎችና አንድ አምፖል ያሉት ሳጥን ይታያችሁ። አምፖሉ የሚበራው ማብሪያዎቹ በአንድ ሚስጥራዊ አቀማመጥ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው። ማሽኑ «ይህ ይሆን?» ብሎ ሞክሮ ሳይበራ ሲቀር፣ ያወቀው ነገር ቢኖር ያ አንዱ አለመሆኑን ነው። በሴኮንድ ቢሊዮን ጊዜ እየሞከረ ሁሉንም ለመጨረስ 40 ትሪሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። አንድ ተማሪዬ በ30 ማብሪያ ሞክሮ፣ ላፕቶፑ ሲሠራ አድሮ ሚስጥሩን አገኘለትና ጠዋት ፊቱ በርቶ መጣ። «አስር ጨምርበት» አልኩት። አንዱ ሌሊት 1,024 ሌሊት ሆነ፤ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው።

«ፈጣን ማሽን ይመጣል»፦ ሺህ ጊዜ የፈጠነ ማሽን የሚያተርፈው አስር ማብሪያ ያህል ነው።

«ምርጫው ስለበዛ ነዋ»፦ ይህኛው ይብሳል፤ ብልህ የሚባሉትም ይስቱታል። ያንኑ ሳጥን ሽቦውን ብቻ እንቀይረው። ከ100ዎቹ የተወሰኑት በሚስጥር ተመርጠዋል፤ ከተመረጡት መካከል የበሩት ቁጥር ጎዶሎ ሲሆን አምፖሉ ይበራል። የምርጫው ብዛት ያው ነው፤ አልቀነሰም። ሆኖም ማብሪያዎቹን ተራ በተራ ለየብቻ አብሩ፤ አምፖሉን ያበራው ሁሉ ከተመረጡት ነው። 100 ጥያቄ፣ አለቀ! ማሽኑ እያንዳንዱን ሙከራ ማየት ተከልክሎ ግምቱ ከእውነቱ ጋር ስንት ጊዜ እንደሚገጥም በግምታዊ አማካይ ብቻ ቢነገረውስ? የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ማይክል ከርንስ እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረቡት በዚህ አጠያየቅ ያ ቀላል ሚስጥር እንደገና ይቆለፋል፤ የተሳሳተ ግምት ሁሉ ከእውነቱ ጋር ግማሽ ጊዜ ስለሚገጥም አማካዩ ፍንጭ አይሰጥም።

«ዳና አንግሉን ይቻላል ብለዋል እኮ»፦ የባልደረባዬ መከራከሪያ ይህ ነበር። አዎ፣ የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ አንግሉን እ.ኤ.አ. በ1987 የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ሁኔታዎች ብቻ ያሉትን መሣሪያ በአጭር ጊዜ መማር እንደሚቻል አሳይተዋል። ነገር ግን አስተማሪው ሁለት ዓይነት ጥያቄ ሲመልስ ነው፦ «ይህ ያበራል?» እና «ግምቴ ልክ ነው? ካልሆነ የተሳሳትኩበትን አሳየኝ።» ለዚህ መሣሪያ ሁለተኛው ጥያቄ ብቻውን እንደማይበቃም እ.ኤ.አ. በ1990 ያረጋገጡት ራሳቸው ናቸው።

ያንን አስተማሪ በመጀመሪያው ሳጥን ላይ አስቀምጡትማ። ማሽኑ «ይህ አምፖል ጨርሶ አይበራም» ይላል። አስተማሪው ስሕተቱን ማሳየት ግዴታው ነው፤ የሚያሳየው ደግሞ አንድ አቀማመጥ ብቻ አለው፤ ሚስጥሩ።