የንግግርና የቋንቋ ሕክምና መምህርነት በዩኒቨርሲቲ

የንግግርና የቋንቋ ሕክምና (በብዙዎች አጠራር ስፒች ቴራፒ) መምህር ማለት መንተባተብን፣ የድምፅ መታወክን፣ የልጆችን ቋንቋ መዘግየት፣ ከአንጎል ጉዳት በኋላ የሚመጣ የቋንቋ ማጣትንና የመዋጥ ችግርን የሚያክሙ ባለሙያዎችን በዩኒቨርሲቲ የሚያሠለጥን ምሁር ነው። ትምህርቱ ክፍል ውስጥ ይጀመራል፣ እውነተኛ ታካሚ ፊት ግን ይፈተናል። መምህሩ ጠዋት ስለ ማንቁርት ጡንቻዎች ሲያስተምር ውሎ ከሰዓት ክሊኒክ ውስጥ ተማሪ ሲቆጣጠር፣ ማታ ደግሞ ለጆርናል የሚልከውን ጽሑፍ ሲያርም ሊያመሽ ይችላል። ይህ ዳሰሳ በዋናነት የአሜሪካን ልምድ ይከተላል፤ የሙያው የዩኒቨርሲቲ ታሪክ በሰፊው ተጽፎ የሚገኘው እዚያ ነውና።

አጀማመር

በአውሮፓ ሙያው ያደገው በሐኪሞች ጥላ ሥር ነበር። ቪየናዊው ሐኪም ኤሚል ፍሮሸልስ በ1924 (ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የዘርፉን ዓለም አቀፍ ማኅበር መሥርቷል።

ሙያውን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አድርጎ ያቆመው ግን የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሥነ ልቦና ክፍሉ ኃላፊና የድኅረ ምረቃ ዲን የነበረው ካርል ሲሾር ንግግርን የሚያጠና ሰው የሥነ ልቦናም፣ የሕክምናም፣ የድምፅ ፊዚክስም ዕውቀት ሊኖረው ይገባል ብሎ ያምን ነበር። ለዚህ የመረጠው ተማሪ ሊ ኤድዋርድ ትራቪስ በ1924 ዶክትሬቱን አገኘ፤ ለዚህ ሙያ ተብሎ በተነደፈ ሥልጠና ያለፈ የመጀመሪያው ሰው እንደሆነም ይነገርለታል። ሳራ ስቲንችፊልድ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በ1921 በንግግር ችግሮች ላይ ዶክትሬት በመያዟ ቀዳሚነቱን ለእሷ የሚሰጡ አሉ። ክርክሩ “የመጀመሪያ” በሚለው ሚዛን ላይ የቆመ በመሆኑ እልባት ያገኛል ተብሎ አይጠበቅም። በ1925 ዛሬ የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር የሚባለው ድርጅት ተመሠረተ፤ “ቋንቋ” ወደ ስሙ የገባው ግን በ1978 ነው።

አይዋ የሚንተባተቡ ወጣቶችን እንደ ማግኔት ሳበች። ዌንደል ጆንሰን ከካንሳስ የመጣው ሕክምና ፍለጋ ነበር፤ ቆይቶ የዘርፉ ስመ ጥር መምህር ሆነ። ቻርለስ ቫን ራይፐርም እንዲሁ ተንተባታቢ ነበር፤ እዚያው ተምሮ በ1936 በሚሺጋን ካላማዙ የራሱን ክሊኒክ አቋቋመ። የሙያው ቀደምት መምህራን ችግሩን ከውስጥ የሚያውቁ መሆናቸው በሌላ የትምህርት ዘርፍ ብዙም የማይታይ ነገር ነው።

የዚህ ዘመን ጥቁር ነጥብ በ1939 ነው። በጆንሰን አማካሪነት ተማሪው ሜሪ ቱዶር ዳቨንፖርት በሚገኝ የሙት ልጆች ማሳደጊያ 22 ሕፃናት ላይ ሙከራ አካሄደች። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በደህና እየተናገሩ ሳለ ትንተባተባላችሁ ተባሉ። ጉዳዩ በ2001 በጋዜጣ ሲወጣ ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2007 የአይዋ ግዛት ለስድስት ከሳሾች በድምሩ 925,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሙከራው በእርግጥ መንተባተብን ፈጥሯል ወይ የሚለው አከራካሪ ነው፤ በ2002 የታተመ ዳግም ግምገማ መረጃው ያንን አያሳይም ብሏል። በልጆቹ ላይ የደረሰው ጉዳት ግን አያከራክርም። ዛሬ ታሪኩ በብዙ ፕሮግራሞች የምርምር ሥነ ምግባር ትምህርት መክፈቻ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአንጎል ጉዳት ቋንቋ ያጡ ወታደሮች ሲበዙ ሥርዓተ ትምህርቱም ሰፋ። በኋላም የኖርዝዌስተርኗ ፕሮፌሰር ጄሪ ሎገማን በኤክስሬይ ቪዲዮ የመዋጥ ምርመራን የሙያው ዋና አካል አደረገች።

ክሊኒኩ

በአሜሪካ ተማሪ በ1925 የተመሠረተውን ማኅበር የብቃት ማረጋገጫ ለማግኘት 400 የክሊኒክ ሰዓት ይጠበቅበታል፤ 25ቱ ምልከታ፣ 375ቱ ከታካሚ ጋር። ከ375ቱ እስከ 75 የሚሆነው በተመሳስሎ ልምምድ (ያለ እውነተኛ ታካሚ) ሊሟላ ይችላል። ከምረቃ በኋላም ቢያንስ 36 ሳምንትና 1,260 ሰዓት በባለሙያ ክትትል ይሠራል። ተማሪ ከአንድ ታካሚ ጋር ከሚያሳልፈው ጊዜ ቢያንስ ሩቡ በመምህር ዓይን ሥር መሆን አለበት።

ቁጥሩ ሥራውን አይገልጸውም። አንድ ልጅ “ስ” ሲል ምላሱ በጥርሶቹ መካከል ይወጣል እንበል። ተማሪዋ ሥዕል እያሳየች “ስ”ን 20 ጊዜ ታስብለዋለች፣ በወረቀቷም ትክክሉን በመደመር ምልክት፣ ስህተቱን በመቀነስ ምልክት ትመዘግባለች። በአንድ ወገን ብቻ ከሚያሳየው የክሊኒኩ መስታወት ጀርባ ያለችው መምህርት የራሷን ወረቀት ይዛለች። ሲጨርሱ የተማሪዋ 17፣ የመምህርቷ 11 ሊሆን ይችላል። ልጁን የወደደ ጆሮ ይቅር ባይ ነው። የተቀረጸውን ድምፅ ደግመው ያዳምጣሉ፤ አንዱን ድምፅ ሦስት አራት ጊዜ ይመልሱታል፤ ተማሪዋ ራሷ መደመሩን ሰርዛ መቀነስ እስክታደርግ ድረስ መምህርቷ መልሱን አትነግራትም። ከዚያ ሪፖርቱ ይመጣል። “ጥሩ ነበር” የሚል ዐረፍተ ነገር ሳይታረም አያልፍም፤ ስንቱን፣ በምን ዓይነት እገዛ ተብሎ ይጠየቃል።

የሥራ ዕድገት

መንገዱ ሁለት ነው። የምርምር ዶክትሬት ያለው በረዳት ፕሮፌሰርነት ይገባል፤ አምስት ስድስት ዓመት ገደማ ከሠራ በኋላ የቋሚነት ግምገማ ይጠብቀዋል፤ ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት፣ በኋላም ወደ ሙሉ ፕሮፌሰርነት ያድጋል። የክሊኒክ መምህራን ደግሞ በአብዛኛው በማስተርስ ወይም በክሊኒክ ዶክትሬት ተቀጥረው በሚታደስ ውል ይሠራሉ። ተማሪን ባለሙያ የሚያደርጉት በዋናነት እነዚህ ናቸው፤ የግምገማ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ግን የታተመ ጽሑፍ እንደሚቆጠረው ከመስታወት ጀርባ ያለፈ ሰዓት አይቆጠርም። ደረጃቸውን “ክሊኒካል ፕሮፌሰር” እያሉ በማሳደግ ሁኔታውን ለማሻሻል የሞከሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፣ ውጤቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል።

የዶክትሬት መምህራን እጥረት የቆየ ችግር ነው። በማስተርስ ብቻ በሆስፒታል ወይም በትምህርት ቤት ተቀጥሮ መሥራት ስለሚቻል፣ ደመወዝ ትቶ ለዓመታት ወደ ትምህርት የሚመለስ ጥቂት ነው። የመምህር ቦታ ባዶ ሲሆን የሚቀበሉት ተማሪ ቁጥርም አብሮ ይገደባል፤ ያሉት መምህራን ተጨማሪ ኮርስ ይይዛሉ፤ የሚቀነሰውም ብዙ ጊዜ የምርምር ሰዓታቸው ነው።