ፖይንት ትራንስፈር ማድረግ ምንድን ነው?

ቨርጂኒያ የሚኖሩ አንድ ዘመዳችን አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ቤንዚኑንም፣ አስቤዛውንም፣ የመኪና ጥገናውንም በአንድ ክሬዲት ካርድ ሲከፍሉ ኖረዋል። አንድ እሑድ ቡና ላይ ስልካቸውን ሰጡኝና «እስቲ ይቺን አፕ ክፈቺልኝ፤ ዓይኔ አልይዝ አለኝ» አሉኝ። ከፈትኩት። 312,000 ፖይንት ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ፖይንት ምን ሊያደርጉበት ነው?»

«ምን ይደረግበታል ልጄ? ገና ሲመጣ ጊፍት ካርድ እወስድበትና ለልጆቹ እሰጣለሁ።»

በጣም ቆጨኝ። ምክንያቱም ጋሼ አገር ቤት ከገቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ትኬቱ ተወዶባቸው ነው። መፍትሔው እጃቸው ላይ ነበር።

መጀመሪያ ፖይንት ከየት እንደሚመጣ እንይ። ካርዳችሁን በሰጣችሁ ቁጥር ሱቁ ወይም ሬስቶራንቱ ከሒሳቡ ላይ ለባንኩና ለካርዱ ድርጅት ይከፍላል። አሜሪካ ውስጥ ይሄ ክፍያ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 በመቶ አካባቢ ነው። ባንኩ ከዚያ ላይ ቆንጥሮ ለእናንተ ይመልሳል። ፖይንት ማለት ይሄ ነው። አውሮፓ ያላችሁ ካርዳችሁ ለምን ያን ያህል ፖይንት እንደማይሰጥ ገርሟችሁ ከሆነ መልሱ እዚሁ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ባንኮች በክሬዲት ካርድ ግብይት የሚቀበሉትን ክፍያ 0.3 በመቶ ላይ ገደበው። ባንኩ ያላገኘውን አይመልስም። አሜሪካም ዴቢት ካርድ ላይ ገደብ ስላለ ፖይንቱ ያለው ክሬዲት ካርዱ ላይ ነው።

የተጠራቀመው ፖይንት በተለያየ መንገድ ይወጣል። ወደ ጥሬ ገንዘብ መቀየር ይቻላል። ቼዝ በሚባለው የአሜሪካ ባንክ ካርድ ላይ 100,000 ፖይንት 1,000 ዶላር ይሆናል። አሜክስ (አሜሪካን ኤክስፕረስ) ላይ ግን ከካርዱ ሒሳብ እንዲቀነስላችሁ ስትጠይቁ 100,000ው 600 ዶላር ብቻ ነው። በባንኩ ድረ ገጽ ትኬት ወይም ሆቴል መግዛትም አለ። ሌላው መንገድ ትራንስፈር ነው።

ትራንስፈር ማለት የባንኩን ፖይንት ወደ አንድ አየር መንገድ የማይል አካውንት ማዛወር ነው። ፖይንቱ ከባንኩ ይወጣና የአየር መንገዱ ማይል፣ ማለትም አየር መንገዱ ትኬት የሚሸጥበት የራሱ ፖይንት ይሆናል። ብዙ ጊዜ አንድ ለአንድ ነው። ከቼዝ 1,000 ብትልኩ ዩናይትድ ላይ 1,000 ማይል ይገባላችኋል። ከዚያ በኋላ ትኬቱን የምትገዙት በማይል ነው፤ በዶላር የምትከፍሉት ታክሱንና አንዳንድ ክፍያዎችን ብቻ ይሆናል።

ለእኛ ትልቁ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ማኅበር አባል ነው። ዩናይትድ፣ ኤር ካናዳ፣ ተርኪሽና ሉፍታንዛም እዚያው ውስጥ አሉ። አባላቱ አንዱ የሌላውን ወንበር በማይል ይሸጣሉ። ስለዚህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ፕሮግራም፣ ሸባ ማይልስ፣ ከቼዝም ከአሜክስም የትራንስፈር ዝርዝር ውስጥ ባይኖርም፣ የቼዝ ፖይንት ወደ ዩናይትድ፣ የአሜክስ ፖይንት ደግሞ ወደ ኤር ካናዳ የማይል ፕሮግራም (ስሙ ኤሮፕላን ነው) ሄዶ ከዋሽንግተን ደለስ አዲስ አበባ የሚበረው የራሳችን አየር መንገድ ላይ ወንበር ሊገዛ ይችላል። ጋሼ ይሄን ስነግራቸው መጀመሪያ አላመኑኝም። «በካናዳ ማይል ኢትዮጵያን?» አሉኝ። አዎ፣ በካናዳ ማይል ኢትዮጵያን።

ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። እንዲህ እንበል። ትኬቱ በጥሬ ገንዘብ 1,500 ዶላር ነው። በማይል ደግሞ 80,000 ማይልና 100 ዶላር ታክስ ይጠይቃል። ከ1,500 ላይ 100 ቀንሱ፤ 1,400 ይቀራል። ለ80,000 አካፍሉት። አንዱ ፖይንት 1.75 ሳንቲም አወጣ ማለት ነው። አንድ ሳንቲም ከሚሰጠው ጥሬ ገንዘብ ይሻላል። ውጤቱ ከአንድ ሳንቲም በታች ከመጣ ግን ትኬቱን በገንዘብ ግዙና ፖይንቱን አቆዩት። እኔ ከ1.5 በታች ከሆነ አልነካውም።

አሁን የቤተሰብ ጉዞ ላይ ልምጣ፤ ችግሩ ያለው እዚህ ነውና። አየር መንገዶች በርካሽ ማይል የሚለቁት ወንበር ጥቂት ነው። ለአንድ ሰው ማግኘት ቀላል ነው። ለአራት ሰው፣ ያውም ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሌላ ነገር ነው። እኔ በዚህ ተቀጥቻለሁ። አንድ ጊዜ ባንኩ ለሚዛወር ፖይንት ተጨማሪ ቦነስ እሰጣለሁ ሲል ደስ ብሎኝ 160,000 ፖይንት ወደ አንድ አየር መንገድ ላክሁ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ልጆቹ ከተኙ ወዲያ፣ ኩሽና ቁጭ ብዬ ቀኑን ስፈልግ የቀረው አንድ ወንበር ብቻ ነው። ቀን ቀየርኩ፤ የለም። ሳምንት ቀየርኩ፤ የለም። ባንኩ ጋ ደወልኩ። አንዴ የተላከ ፖይንት አይመለስም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ማይሉ ዓመት ከመንፈቅ ተቀምጦ ቀረ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። የአየር መንገዱን አካውንት ቀድማችሁ ክፈቱ፤ በነጻ ነው። ወንበሩን በዓይናችሁ እዩ። ካገኛችሁት፣ ያኔ ፖይንቱን ላኩና ወዲያው ግዙ። አራት ወንበር አንድ ላይ ካልተገኘ ሁለት ሁለት ሆናችሁ በተለያየ ቀን መሄድ ይቻላል፤ ልጆቹ ከእናት ወይም ከአባት ጋር እስከሆኑ ድረስ። አራስ ልጅ በጭን ይዤ እሄዳለሁ የምትሉ ደግሞ በዓለም አቀፍ በረራ የጭን ልጅ ብዙ ጊዜ በነጻ እንደማይሄድ እወቁ። ብዙ አየር መንገዶች የአዋቂውን ዋጋ 10 በመቶ ያስከፍላሉ።

የስም ነገርም አለ፤ ይሄ የእኛ ብቻ ራስ ምታት ነው። እኔ በአባቴ ስም ነው የምጠራው፤ ባለቤቴ በአባቱ፤ ልጆቹ ደግሞ በባለቤቴ። በአንድ ቤት ሦስት «ላስት ኔም»። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ለቤተሰቡ በማይል ትኬት መግዛት የማይችል ይመስለዋል። ይችላል። ብዙ አየር መንገዶች ላይ ከእናንተ አካውንት ለሌላ ሰው ትኬት መግዛት ይፈቀዳል። ፖይንቱን ስትልኩ ግን የካርዱ ስምና የማይል አካውንቱ ስም አንድ መሆን አለበት፤ የትኬቱ ስም ደግሞ ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። ከልጅ ጋር ስማችሁ ስለሚለያይ የልደት ሰርተፊኬቱን ቦርሳ ውስጥ ያዙ። የየራሳችሁን ማይል መደባለቅ ከፈለጋችሁ ዩናይትድ ከ2024 ጀምሮ እስከ አምስት ሰው፣ ኤሮፕላን ደግሞ እስከ ስምንት ሰው በአንድ ቋት እንዲያጠራቅሙ ይፈቅዳሉ።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የካርዱን ዕዳ በየወሩ ሙሉ በሙሉ የማትከፍሉ ከሆነ ይሄን ጨዋታ ተዉት። 3,000 ዶላር ዕዳ በ21 በመቶ ወለድ በወር ወደ 52 ዶላር ይበላል። በዚያ 3,000 ዶላር ያገኛችሁት ፖይንት ደግሞ በጥሬው 30 ዶላር ቢሆን ነው። አዲስ ካርድ ሲከፈት የሚሰጠው ትልቅ ቦነስ፣ 60,000 ይሁን ከዚያ በላይ፣ ብዙ ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ 4,000 ወይም 5,000 ዶላር አውጡ ይላል። ካርዱን ሠርግ ወይም ሌላ የማይቀር ወጪ ያለበት ጊዜ ላይ ክፈቱት እንጂ ለቦነሱ ብላችሁ የማያስፈልጋችሁን አትግዙ።

እራቱስ? ብዙ ሰው ውጭ አገር ጥሩ ሬስቶራንት ሲገባ ሒሳቡን በፖይንት ማጥፋት ያምረዋል። ፖይንት የሚረክሰው በዚህ መንገድ ነው። እኔ ቤት ፖይንቱ ለወንበር፣ ገንዘቡ ለገበታ ነው። እንዲያውም እራቱ ፖይንት ያመጣል። ቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድ የሚባለው ካርድ ለሬስቶራንት በዶላር 3 ፖይንት ይሰጣል። አሜክስ ጎልድ 4 ይሰጣል፤ ዓመታዊ ክፍያው ግን 325 ዶላር ነው። ሁለቱም ውጭ አገር ስትጠቀሙ ብዙ ካርዶች የሚቆርጡትን 3 በመቶ አይቆርጡም። ሆቴል ውስጥ ያለ ሬስቶራንት ግን ተጠንቀቁ፤ ማሽኑ የሆቴሉ ከሆነ ክፍያው በሆቴል ሊመዘገብና ፖይንቱ ሊያንስ ይችላል።

በኋላ አንድ ነሐሴ ላይ ለቤተሰባችን ወንበሮቹን አገኘን። በተርኪሽ ነበር፤ ኢስታንቡል ሁለት ሌሊት አደርን። ከተማዋ ከ2022 ጀምሮ የራሷ ሚሽሊን ጋይድ፣ ማለትም ምርጥ ሬስቶራንቶችን የሚመርጥ ዝነኛ መመሪያ አላት፤ እኔም አንድ ጊዜ ልጆቼን እንደዚያ ያለ ቤት ይዤ መግባት እመኝ ነበር። እራቱ ስለሚወደድ ምሳ መረጥን። ጊዜው ግን ፍልሰታ ነበር። ከአሥር ቀን በፊት ኢሜይል ጻፍኩ። ሥጋ የለም፣ ወተትና ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም አልኩ። «ዓሣስ?» ብለው መለሱ። የለም አልኳቸው።

ቱርኮች በወይራ ዘይት አብስለው ቀዝቀዝ አድርገው የሚያቀርቡት የአትክልት ምግብ እንዳላቸው አላውቅም ነበር። አርቲቾክ በባቄላ መጣ። የተጠበሰ ደበርጃን መጣ፤ ጢሱ ጢሱ የሚል። ትንሿ ልጄ ሳህኑን በዳቦ ጠረገችውና «ማሚ፣ ይሄ ጾም ነው?» አለችኝ። አስተናጋጁ የክፍያ ማሽኑን ይዞ መጣ። ማሽኑ በዶላር ነው በሊራ ብሎ ይጠይቃል። በዶላር ካላችሁ ምንዛሪውን እነሱ በፈለጉት ዋጋ ነው የሚመቱት። ሊራ የሚለውን ተጫንኩ።