ኪፈን መጣ ማለት ኳስ ብቻ ይወረወራል ማለት አይደለም፣ እባካችሁ

አሰልጣኙ ሌን ኪፈን ኤል ኤስ ዩ (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን) ከገባ ጀምሮ አበሻ ተሰብስቦ የኮሌጅ ፉትቦል በሚያይበት ቦታ ሁሉ (አሜሪካን ፉትቦሉን ነው የምላችሁ) የምሰማው አንድ ነገር ነው። "በቃ ኤል ኤስ ዩ ከዚህ በኋላ መወርወር ብቻ ነው፣ ሩጫ ቀረ።" አንዱ ይላል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፣ ሶስተኛው ስልኩን አውጥቶ የረጅም ውርወራ ሃይላይት ያሳያል፣ አለቀ፣ ተፈረደ። እኔ ዳላስ አካባቢ አንድ ሃይስኩል ውስጥ የማሰለጥነው ኦፌንሲቭ ላይኑን ነው፣ ማለትም ኦፌንሱ (አጥቂው ወገን) ፊት ቆመው ዲፌንሱን (ተከላካዩን ወገን) የሚገፉትን፣ ኮሜንታተር ስማቸውን የሚጠራው ሲያጠፉ ብቻ የሆኑትን ግዙፍ ልጆች፣ ስለዚህ ይሄን ወሬ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ የጠየቀኝን ሁሉ ሊንኩን ልስጠው ብዬ ነው።

ነገሩን ላልተከታተለ ባጭሩ፣ ኤል ኤስ ዩ የቀድሞ አሰልጣኙን ብራያን ኬሊን ያባረረው ኦክቶበር 26 ቀን 2025 ነው፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም እዛው ባተን ሩዥ ሜዳቸው ላይ 49 ለ 25 በቀጣቸው ማግስት። ኪፈን ደግሞ ያሰለጥነው የነበረውን ኦሌ ሚስን (የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲን ቡድን) በ11 ድልና በ1 ሽንፈት ብቻ ፕሌይኦፍ (ለዋንጫ የሚደረገው ጥሎ ማለፍ) ደጃፍ ላይ አድርሶ፣ ኖቬምበር 30 ቡድኑን ጥሎ ወደ ኤል ኤስ ዩ ሄደ። ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ሰው ትቻለሁ፣ እኔን የሚያገባኝ ኦፌንሱ ነው።

"ኪፈን የሚያስወረውር ኮች ነው"

እስቲ ሰውዬው በእጁ ምን ሲኖረው ምን እንዳደረገ በየዓመቱ እንይ። 2014 አላባማ ላይ ኦፌንሱን ሲይዝ አማሪ ኩፐር የሚባል ሪሲቨር (የተወረወረ ኳስ ተቀባይ) አገኘ፣ በአንድ ሲዝን 124 ኳስ አስያዘው፣ 1,727 ያርድ። እሺ፣ እዚህ ላይ ወረወረ፣ እኔም ብሆን እወረውር ነበር። ኩፐር ኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሉ ሊግ) ገባ፣ በዓመቱ ያው ሰውዬ እዛው ቡድን ውስጥ ሯጩን ዴሪክ ሄንሪን 395 ጊዜ ኳስ አሸከመው፣ 2,219 ያርድ፣ 28 ታችዳውን (የፉትቦሉ ጎል በሉት)፣ ልጁ ሄይዝማን (የዓመቱ የኮሌጅ ኮከብ ተጫዋች ሽልማት) ወሰደ። 395 ጊዜ! ይሄ ነው እንግዲህ ሩጫ የማይወደው ኮች። ከዛ ፍሎሪዳ አትላንቲክ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሄደ፣ 2017 ላይ ዴቪን ሲንግለታሪ በሩጫ ብቻ 32 ታችዳውን አስቆጠረ። ኦሌ ሚስ ላይ 2022 ኩዊንሾን ጀድኪንስ ገና ከሃይስኩል የመጣ የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ሆኖ 1,567 ያርድ ሮጠ፣ ቡድኑ በጠቅላላ በአንድ ጨዋታ በአማካይ ከ250 ያርድ በላይ ይሮጥ ነበር። 2024 ላይ ሯጮቹ ሲሳሱና ጎበዝ ሪሲቨሮች ሲኖሩት ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው ልጅ) ጃክሰን ዳርት 4,279 ያርድ ወረወረለት፣ 2025 ደግሞ ኪዋን ሌሲ መጥቶ እንደገና ከ1,000 ያርድ በላይ ሮጠ። ሰውዬው ገበያ ወጥቶ የተገኘውን ገዝቶ እንደሚያበስል ጎበዝ ሴት ነው፣ ዶሮ ካለ ዶሮ፣ ከሌለ ሽሮ፣ ግን የሚጣደው ድስት ያው ነው።

ድስቱ ምንድነው ካላችሁ፣ ቆጠራ ነው። ኪፈን ሪሲቨሮቹን ወደ ሜዳው ጠርዝ ይገፋቸዋል፣ አንዳንዴ መስመሩን ሊረግጡ ምንም አይቀራቸውም። የኮሌጅ ሜዳ ደግሞ ለዚህ የተሰራ ነው፣ ስፋቱ 160 ጫማ ነው፣ ኳሱ የሚቀመጥባቸው ሁለቱ የውስጥ ምልክቶች መሀል ያለው ርቀት 40 ጫማ ነው (ኤንኤፍኤል ላይ 18 ጫማ ተኩል ብቻ)፣ ስለዚህ ኳሱ አንዱ ምልክት ላይ ሲሆን በአንድ በኩል 60 ጫማ በሌላው በኩል 100 ጫማ ባዶ ሜዳ አለ ማለት ነው። ያንን 100 ጫማ ማን ይጠብቅ? ዲፌንሱ ሰው ወደ ውጭ ይልካል። ሰው ወደ ውጭ ሲሄድ መሀሉ ይሳሳል። መሀል ላይ ስድስት ተከላካይ ብቻ ከቀረ፣ አምስት ላይንማንና አንድ ታይት ኤንድ (ከላይኑ ጎን ቆሞ የሚገፋም የሚቀበልም) ካላችሁ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ይደርሰዋል፣ ኳርተርባኩም ራሱ መሮጥ ከቻለ አንድ ሰው ይተርፍላችኋል። ያኔ ይሮጣል። ሰባተኛ ሰው መሀል ካስገቡ ውጭ ያለው ሪሲቨር ብቻውን ቀረ፣ ያኔ ይወረውራል። በሌላ አነጋገር ረጅሙ ውርወራ የመጣው ሩጫው ስላስፈራ ነው፣ ሃይላይቱ ላይ ግን የሚታያችሁ ውርወራው ብቻ ነው።

ሌላው ግራ የሚያጋባው አር ፒ ኦ የሚባለው ነው፣ ሩጫና ፓስ (ውርወራ) በአንድ ጥሪ (ከአሰልጣኙ የሚታዘዝ የጨዋታ ዕቅድ) ውስጥ ተጠቅልለው ማለት ነው። ኳርተርባኩ ኳሱን ለራኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ ለሚሮጠው) እየዘረጋ አይኑ አንድ ተከላካይ ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜ ላይንባከር (ከዲፌንሱ የፊት መስመር ጀርባ የሚቆመው) ላይ። ላይንባከሩ ሩጫውን ሊይዝ ወደ ፊት ከመጣ ኳሱን ስቦ ከጀርባው ይወረውራል፣ ካልመጣ ይሰጣል። እኛ ላይኖቹ ግን ምንም አናውቅም! ሩጫ ነው ተብሎ ነው የምንገፋው፣ ህጉ ራሱ ይፈቅድልናል፣ ኮሌጅ ላይ ላይንማን ኳሱ ሳይወረወር 3 ያርድ ወደ ፊት መሄድ ይችላል፣ ኤንኤፍኤል ላይ 1 ያርድ ብቻ።

ባለፈው ሲዝን የአንዱ ልጅ አባት፣ የኛው ሰው ናቸው፣ ጨዋታ ካለቀ በኋላ አጥሩ ጋ መጥተው "ኮች፣ ለምንድነው እንዲህ የምትወረውሩት፣ ልጄ እኮ ሲገፋ ነው የሚያምርበት" አሉኝ። ጋሼ፣ ልጅዎ ማታውን ሙሉ ሲገፋ ነው ያመሸው አልኳቸው። አላመኑኝም። ልጁን ራሱን ጠሩት፣ "ዛሬ ስንት ፓስ ጠራችሁ?" ሲሉት ከጠራነው ግማሹን እንኳን አልደረሰም፣ ፓስ መሆኑን ያወቀው ሰኞ ፊልም ስናይ ነው። ሰውዬው አሁንም እንዳኮረፉ ናቸው፣ ምን ላድርግ።

ስለዚህ "ኪፈን ያስወረውራል" የምትሉ ሰዎች፣ ከምታዩት ውርወራ አንዳንዱ ሩጫም ሆኖ የተጠራ ነው። ይሄን ሳታውቁ ስታትስቲክስ አትጥቀሱልኝ።

"ቴምፖ ማለት ሁሌም መቻኮል ነው"

አይደለም። ቴምፖ ማለት ፍጥነቱን የሚወስነው ኦፌንሱ ነው ማለት ነው። ህጉ እንዲህ ነው፣ ኦፌንሱ ተጫዋች ካልቀየረ ዲፌንሱ እንዲቀይር ተብሎ ማንም አይጠብቀውም፣ ኦፌንሱ ከቀየረ ግን ዳኛው ኳሱ ላይ ቆሞ ለዲፌንሱ ጊዜ ይሰጠዋል። ስለዚህ ኪፈን አንድ 12 ያርድ ካገኘ በኋላ እነዚያኑ አስራ አንድ ልጆች ይዞ ቶሎ ይሰለፋል፣ 300 ፓውንድ የሚመዝነው የተቃራኒ ታክል (የዲፌንሱ ግዙፍ የመሀል ተጫዋች) ሊወጣ ፈልጎ መውጣት አይችልም፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቀራል። ከዛ የሚጠራው ምን ይመስላችኋል፣ ሩጫ! በደከመው ላይ። ቀጥሎ ደግሞ ቶሎ ተሰልፎ በድንገት ይቆማል፣ ሁሉም ወደ ዳር ዞሮ አሰልጣኞቹን ያያል፣ ዲፌንሱ ምን እንዳሰበ ገልጦ ያሳያል፣ ከዛ ጥሪው ይቀየራል።

"ፕሌይ ቡኩ (የጥሪዎቹ ስብስብ) ወፍራም ነው፣ ልጆቹ ለመልመድ ሁለት ዓመት ይፈጅባቸዋል።" ተገላቢጦሽ ነው። እንዲህ በፍጥነት የሚጫወት ቡድን ብዙ ነገር መያዝ አይችልም፣ ጥቂት ሩጫዎች ናቸው፣ አሰላለፉና ከስናፕ (ኳሱ ከመሬት ከሚነሳበት ቅጽበት) በፊት ያለው እንቅስቃሴ ነው የሚለያየው።

"2019 ተመልሶ ሊመጣ ነው"

ይሄኛውን የሚሉት የኤል ኤስ ዩ ደጋፊዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ አዝንላቸዋለሁ። 2019 ኳርተርባኩ ጆ በሮው 5,671 ያርድና 60 ታችዳውን ወርውሮ ቡድኑ 15ቱንም ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫ በላ፣ እውነት ነው፣ እንደዛ አይነት ኦፌንስ ኮሌጅ ላይ ብዙም አልታየም። ግን ያ ኦፌንስ ሌላ ነገር ነው፣ ረዳት አሰልጣኙ ጆ ብሬዲ ከኤንኤፍኤሉ ኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ ይዞት የመጣው ሀሳብ ነው፣ አምስቱንም ተቀባይ ዘርግቶ፣ አምስት ላይንማን ብቻ ጠባቂ አድርጎ፣ ቀሪውን ለበሮው ጭንቅላት መተው። ተቀባዮቹ ደግሞ ጃማር ቼዝና ጀስቲን ጄፈርሰን። ያው በሮው በ2018 16 ታችዳውን ብቻ ነበር የወረወረው፣ ስለዚህ ሲስተም ለውጥ ያመጣል የሚለው ትክክል ነው፣ የኪፈን ሲስተም ግን ያኛው አይደለም፣ ኪፈን ኳርተርባኩን እንደዛ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን አቁሞ 40 ጊዜ አስብ አይለውም፣ አንድ ሰው አሳይቶት "እሱን እይ" ነው የሚለው።

"ሁሉንም ጥሪ የሚጠራው ራሱ ኪፈን ነው።" ከ2022 ጀምሮ ኦሌ ሚስ ላይ ኦፌንሱን ይዞ የነበረው ቻርሊ ዋይስ ጁኒየር ነው፣ የድሮው የኖትር ዳም አሰልጣኝ ልጅ፣ እሱም ባተን ሩዥ መጥቷል። ኪፈን በጆሮው ይገባል፣ ይጮሃል፣ አራተኛ ዳውን (10 ያርድ ለማግኘት ካሉት አራት ሙከራዎች የመጨረሻው) ላይ እንሂድ ይላል፣ ጥሪው ግን የዋይስ ነው።

"ፈጣን ኦፌንስ የራሱን ዲፌንስ ይገድላል።" 2020 ላይ ኦሌ ሚስ አላባማ ላይ 48 አስቆጥሮ 63 ገባበት፣ ሰው ከዛ በኋላ ያለውን አላየም። የ2024ቱ ዲፌንስ ጠንካራ ነበር፣ ኦፌንሱም ያኔ ቀርፋፋ አልነበረም። ኤል ኤስ ዩም ዲፌንሱን የያዘውን ብሌክ ቤከርን አስቀርቶታል።

"የኮሌጅ ልጆች ጨዋታ ነው፣ ምን ያካብዳል።" ታይገር ስታዲየም 102,321 ሰው ይይዛል፣ ዩኒቨርሲቲዎች ከ2025 ጁላይ ጀምሮ ለተጫዋች በቀጥታ ይከፍላሉ፣ ኪፈን በዓመት ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር ያገኛል። ይበቃል።

"ሳም ሌቪት ስላለ ሌላው ትርፍ ነው"

ሌቪት ከአሪዞና ስቴት በፖርታል (በተጫዋች ዝውውር) የመጣው ኳርተርባክ ነው፣ 2024 ላይ ቡድኑን የቢግ 12 ሊግ ሻምፒዮን አድርጎ ፕሌይኦፍ አስገብቷል፣ በእግሩም ይሮጣል፣ ስለዚህ ከላይ ያልኳችሁ ቆጠራ ላይ የሚተርፈው አንድ ሰው እሱ ነው ማለት ነው። ጥሩ ልጅ ነው፣ አልክድም። ግን 2025 እግሩ ተጎድቶ ነበር፣ በየጨዋታው 15 ጊዜ አስሩጡት የሚል ሰው ካለ ስለ ልጁ ግድ የለውም። ደግሞ ኪፈን ኳርተርባክ ሲያጣ ሌላ አግኝቶ አይተነዋል፣ 2025 ኦስቲን ሲመንስ ሲጎዳበት ከፌሪስ ስቴት፣ ማለትም ከሁለተኛ ዲቪዥን፣ የመጣውን ትሪኒዳድ ቻምብሊስን አስገብቶ ነው 11 ድል ላይ የደረሰው።

እኔን የሚያሳስበኝ ላይኑ ነው። ኤል ኤስ ዩ በ2024ም በ2025ም በሩጫ ከኮንፈረንሱ (ከሚጫወትበት ሊግ) ግርጌ አካባቢ ነበር፣ 2025 ላይ ሶስተኛ ዳውንና 2 ያርድ ሲቀራቸው እንኳን መግፋት ያቅታቸው ነበር። ኪፈን ስድስት ተከላካይ ብቻ መሀል ላይ እንዲቀር ማድረግ ይችላል፣ ያንን በወረቀት ያስተካክልልሃል፣ ስድስቱን መግፋት ግን የልጆቹ ስራ ነው። ካልገፉ ደግሞ ማንም ሩጫውን አይፈራም፣ ሴፍቲዎቹ (የኋላ ተከላካዮቹ) ወደ ኋላ ተኝተው ይጠብቃሉ፣ ያ የምትወዱት ረጅም ውርወራም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ሴፕቴምበር 5 ቀን 2026 ክሌምሰን ባተን ሩዥ ሲመጣ እንዲህ አድርጉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ድራይቮች (የማጥቃት ተራዎች) ኳሱን አትዩ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ሞክሩት። ከስናፕ በፊት መሀል ላይ የቆሙትን ተከላካዮች ቁጠሩ፣ ስድስት ናቸው ሰባት? ስድስት ሆነው ወረወሩ እንበል፣ ሪፕሌዩ ሲመጣ ላይንማኖቹን እዩ፣ ወደ ኋላ ካፈገፈጉ እውነተኛ ፓስ ነው፣ ወደ ፊት ከሄዱ አር ፒ ኦ ነው። ቀጥሎ ጋርዶቹን (ከላይኑ መሀል በግራና በቀኝ የሚቆሙትን ሁለቱን) ብቻ እዩ፣ አንዱ ከቦታው ተነቅሎ ወደ ሌላኛው ጎን ከሮጠ ካውንተር የሚባለው የሩጫ ጥሪ ነው፣ ራኒንግ ባኩ የሚከተለው እሱን ነው። ሶስተኛ፣ መጀመሪያ ዳውን ላይ ስንት ያርድ እንዳገኙ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ አዎ ወረቀት፣ ስልካችሁ ላይ ሌላ ነገር ትከፍታላችሁ። አራትና ከዛ በላይ እየደጋገመ ከመጣ ኪፈን ደስ ብሎት ነው የሚያድረው። አንድና ሁለት ከሆነ ግን የሌቪትን ክንድ መስደብ አትጀምሩ፣ ወንድሜ ከፊቱ ያሉትን እይ።

አንድ የመጨረሻ፣ "ኤል ኤስ ዩ በ2026 ሴፕቴምበር ላይ ኦሌ ሚስ ሲሄድ ፒት ጎልዲንግ ጥሪዎቹን በሙሉ ስለሚያውቃቸው ያቆመዋል" የሚሉ አሉ። ጎልዲንግ የኪፈን ዲፌንስ ኮች ነበር፣ አሁን ዋናው አሰልጣኝ እሱ ነው፣ ያንን ኦፌንስ ልምምድ ላይ ለዓመታት አይቶታል፣ ትክክል። የእጅ ምልክቶቹ በአንድ ሳምንት ይቀየራሉ፣ ያ ምንም አይደለም። የአር ፒ ኦው ምርጫ የሚደረገው ደግሞ ኳሱ ከተነሳ በኋላ ነው፣ ላይንባከሩ ጥሪውን በስሙ ቢያውቀውም ወይ ወደ ፊት ይመጣል ወይ ወደ ኋላ ይቆማል። ጎልዲንግ ሊጠቀምበት የሚችለው አንድ ነገር ቢኖር ቀዳዳውን በስድስት ሰው ዘግቶ ሰባተኛውን ውጭ መተው ነው፣ ይሄ ደግሞ የኤል ኤስ ዩ ጋርዶች በዛን ጊዜ ምን ያህል እንደበረቱ ይወሰናል፣ እኔም የዛን ቀን የማየው እነሱን ነው።