ዛሬ ነገ ማለትና የውድቀት ፍርሃት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሥራውን የሚያጓትት ሰው ሰነፍ ነው፤ ወይም ነገሩን ከልቡ አይፈልገውም።»

ብዙዎቻችን እንዲህ ብለን እንፈርዳለን፤ በራሳችንም ላይ ጭምር። ነገር ግን ደንታ የሌለው ሰው ሥራው ስላልተሠራ እንቅልፍ አያጣም። የመመረቂያ ጽሑፉን መጀመር ያቃተውን ተማሪ ቀርበን ብናየው፣ ኮምፒውተሩን ይከፍታል፣ የርዕሱን ፊደል መጠን ያስተካክላል፣ ያችኑ የመጀመሪያ አንቀጽ ደጋግሞ ያነባል፣ ከዚያም ተነሥቶ ጠረጴዛውን ይወለውላል። እጁ ሥራ አልፈታም፤ የሚሸሸው ጽሑፉን ባየ ቁጥር ከሚመጣበት «ባይሳካልኝስ?» ከሚል ጭንቀት ነው። ፊውሺያ ሲሮይስ እና ቲሞቲ ፒቺል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳብራሩት፣ ማጓተት ከጊዜ አጠቃቀም ጉድለት ይልቅ የሚረብሽን ስሜት ለጊዜው የማስታገስ ጉዳይ ነው። እፎይታው ወዲያውኑ ስለሚገኝ ልማዱ ሥር ይሰድዳል፤ ዕዳው ግን ነገ ለራሱ ለሰውየው ይቆየዋል።

«ውድቀትን የሚፈራ ሰው ትልቅ ነገር አይመኝም።»

ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያሳስተው ይህ ይመስለኛል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን አትኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ የውድቀት ፍርሃት የሚያይልበት ሰው የሚሸሸው መካከለኛ ክብደት ያለውን፣ ማለትም ችሎታውን በትክክል የሚለካበትን ሥራ ነው፤ ስለዚህ ወይ እጅግ ቀላሉን፣ ወይ ደግሞ ቢያቅተው ማንም የማይወቅሰውን እጅግ ከባዱን ይመርጣል። ስቲቨን በርግላስ እና ኤድዋርድ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1978 ያደረጉት ሙከራ ነገሩን ይበልጥ ያሳያል። መልስ የሌላቸው ጥያቄዎች ቀርበውላቸው «በጣም ጥሩ ሠርታችኋል» የተባሉ ተማሪዎች፣ ከሁለተኛው ፈተና በፊት አእምሮን ያነቃል ከተባለ መድኃኒትና ያደነዝዛል ከተባለ መድኃኒት እንዲመርጡ ተደረገ፤ በተለይ ወንዶቹ የሚያደነዝዘውን መረጡ። ያገኙት ውጤት በችሎታቸው የመጣ ስላልመሰላቸው፣ ቢወድቁ የሚያሳብቡበት ነገር አስቀድመው አዘጋጁ ማለት ነው። ሥራን እስከ መጨረሻው ሌሊት ማቆየትም ይህንኑ ያደርጋል፦ ውጤቱ ቢከፋ «ጊዜ አጥሮኝ ነው» ይባላል፤ «አልችልም» የሚለው አስፈሪ ድምዳሜም ይሸሸጋል።

«ፍርሃት ካለ ማጓተት አይቀርም።»

ይህም ቢሆን ልክ አይደለም። ፒርስ ስቲል እ.ኤ.አ. በ2007 በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ በውድቀት ፍርሃትና በማጓተት መካከል ያለው ዝምድና ደካማ መሆኑን አሳይቷል፤ የሥራው አሰልቺነትና የሰውየው ግብታዊነት ከዚያ ይበልጥ ይመዝናሉ። ፍርሃት በችሎታው የሚተማመነውን ሰው ቀደም ብሎ እንዲዘጋጅ ሊያተጋው ይችላል፤ ራሱን የሚጠራጠረውን ግን እግር ከወርች ያስረዋል።

«ጫና ካልበዛብኝ ጥሩ አልሠራም።»

ዳያን ታይስ እና ሮይ ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ የሚያጓትቱ ተማሪዎች በትምህርት ወቅቱ መጀመሪያ ጭንቀታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ነበር፤ ወደ መጨረሻው ግን በልጦ ተገኘ፤ ውጤታቸውም ዝቅ ያለ ሆነ።

«ራስን አጥብቆ መውቀስ ያተጋል።»

ወቀሳ ሥራውን በኀፍረት ስለሚለውሰው፣ ዳግመኛ መንካቱ ከበፊቱ የከበደ ይሆናል። ማይክል ዎል እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳዩት፣ ለመጀመሪያው ፈተና ማጥናት በማጓተታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉ ተማሪዎች ለተከታዩ ፈተና ያጓተቱት ያነሰ ነው። ይቅርታው ጥፋትን መካድ አይደለም፤ ጥፋቱን አምኖ ወደ ሥራው መመለስ ነው።

«ፍርሃቱ ሲለቀኝ እጀምራለሁ።»

ፍርሃቱ በአብዛኛው የሚቀልለው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ስለሆነ፣ እስኪለቅ መጠበቅ ራሱ ሌላ ማጓተት ነው። ስለዚህ ለዚያ ተማሪ የምመክረው ከርዕሱና ከመጀመሪያው አንቀጽ ፈቀቅ ብሎ፣ ለአማካሪው የማያሳየውን ግማሽ ገጽ እንደመጣለት እንዲጽፍ ነው፤ በዚያ ገጽ ላይ ችሎታውን የሚመዝንበት ማንም የለምና።